«ሰዓት አራርቄ ነው የምውጠው»፦ ስለሚጥል በሽታና ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒቶች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ኤአርቲ (የኤች አይ ቪ መድኃኒት) ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ ይህችን ንግግር ሳልሰማ የማልፈው ሳምንት የለም። «ፌኖባርቢታሉን ማታ፣ የኤች አይ ቪውን ጠዋት ነው የምወስደው። አራርቄያቸዋለሁ፤ ችግር የለውም አይደል?» ችግር አለው። ይበልጥ የሚያናድደኝ ደግሞ ብዙዎቹን እንዲህ ብሎ የመከራቸው ጋዋን የለበሰ ባለሙያ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከእሷ ልጀምር።

«ካራራቅኳቸው አይገናኙም»

መድኃኒቶቹ የሚገናኙት ጉበት ላይ ነው። ጉበት መድኃኒት የሚሰባብሩ ኢንዛይሞች አሉት። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን እነዚህን ኢንዛይሞች ያበዟቸዋል። አንድ ወፍጮ ብቻ በነበረበት መንደር ሦስት ወፍጮ እንደተተከለ ቁጠሩት። እህሉ ጠዋት መጣ ማታ፣ ቶሎ ተፈጭቶ ያልቃል። አሁን አብዛኛው ሰው የሚወስደው ቲኤልዲ (ሦስት የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች በአንድ ኪኒን) ውስጥ ያለው ዶሉቴግራቪርም እንደዚሁ ከደም ውስጥ ቶሎ ያልቃል። በዚያ ላይ ፌኖባርቢታል ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ ብቻ ሦስት አራት ቀን ይፈጃል። ማታ የተዋጠው ጠዋትም፣ በነጋታውም እዚያው ነው።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ዶሉቴግራቪርን ከአይረን፣ ከካልሲየም ወይም ከጨጓራ አንታሲድ 2 ሰዓት ቀድማችሁ ወይም 6 ሰዓት ዘግይታችሁ ውሰዱ ይባላል። ትክክል ነው። እነዚያ ሆድ ውስጥ ከመድኃኒቱ ጋር ስለሚጣበቁ ማራራቁ ይሠራል። ያንን ምክር ወስዶ ለፌኖባርቢታል መስጠት ግን ሰውን በማይረባ ነገር ማዘናጋት ነው።

አንዲት እናት ቫይራል ሎዷ (ደሟ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) ከፍ ብሎ መጣ። «ኪኒን እየዘለልሽ ነው» እያሉ በተደጋጋሚ ተቆጥተዋታል። እንባዋ ቀርቦ ነበር። ኪኒኖቿን ቆጠርን፤ አንድም አልጎደለም። «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ እህቴ?» ስላት ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈታች። የወረቀት ፖስታ ውስጥ ፌኖባርቢታል፣ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ማታ 1»። ከሌላ ክሊኒክ፣ በሌላ ካርድ የተሰጣት ነው። እስከዚያ ቀን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሐኪሙ ዶሉቴግራቪሩን በቀን ሁለቴ አደረገላት፤ ቀጣዩ ምርመራ ቫይረሱ አይታይም አለ።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው፣ የሚጥል በሽታውን መድኃኒት የጉበት ኢንዛይሞችን በማያበዛ መቀየር። ካልተቻለ ደግሞ ቲኤልዲውን እንደወትሮው ወስዶ፣ 12 ሰዓት ቆይቶ 50 ሚሊ ግራም ዶሉቴግራቪር ብቻውን መጨመር። እዚህ ጋ 12 ሰዓቱ የዶሉቴግራቪሩ መጠን ደም ውስጥ እንዳይወርድ ነው፤ ከፌኖባርቢታል ለማራቅ ተብሎ አይደለም። ሁለቱንም የሚወስነው ሐኪም ነው።

«ካልተስማሙ የሚጥል በሽታውን መድኃኒት ላቁመው»

በፍጹም! ፌኖባርቢታልን በአንድ ጊዜ ማቆም የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ይህ ይገድላል። ይህን ጽሑፍ አንብቦ ዛሬ ማታ ኪኒኑን የሚያስቀር ሰው እንዳይኖር አደራ። ውጡት፤ ነገ ሁለቱንም መድኃኒት ይዛችሁ ሂዱ።

«ምንም አልተሰማኝም»

ቫይራል ሎድ ሲጨምር አይሰማም። ቫይረሱ መድኃኒቱን እየለመደ ያለው ግን ያኔ ነው።

«ላሚቩዲንና ላሞትሪጂን ያው ናቸው»

አይደሉም። የመጀመሪያው የኤች አይ ቪ ነው፣ ሁለተኛው የሚጥል በሽታ። ስታወጡ ስሙን አንብቡ።

«ችግሩ የኤች አይ ቪው ላይ ብቻ ነው»

የመጀመሪያው ሕክምና አልሠራ ብሎ ወደ ሁለተኛ መስመር መድኃኒት ለተቀየሩት ነገሩ ይገለበጣል። ሎፒናቪር በሪቶናቪር የሚባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ላሞትሪጂንን ደም ውስጥ በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። ለዓመታት የተወው ሕመም ድንገት ሲመለስ ቤተሰብ «ተነካ» ይላል። የላሞትሪጂኑን መጠን ማስተካከል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

«ጠበል ከጀመርኩ መድኃኒት አያስፈልግም»

ጠበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ በአደባባይ ተናግረዋል። እኔ የምጨምረው የለም።

«ቫልፕሮኤት ለሁሉም ይሆናል»

ይህኛው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከቲኤልዲ ጋር እንደ ፌኖባርቢታል አያስቸግርም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ዚዶቩዲን የተባለውን የኤች አይ ቪ መድኃኒት ደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርገው የደም ማነስን መከታተል ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጅ ልትወልድ የምትችል ሴት ላይ እንዲሁ አይታዘዝም። በእርግዝና ወቅት እናቶቻቸው ከወሰዱት 100 ሕፃናት 10 ያህሉ ከአካል ጉድለት ጋር ይወለዳሉ፤ የአእምሮ እድገት ችግርም ያስከትላል። ለእነዚህ ሴቶች ሌቬቲራሲታም የሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ይሻላል። በአብዛኛው በኩላሊት ስለሚወጣ ከኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ጋር ብዙም አይጋጭም። ዋጋው ከፌኖ ጋር እንደማይወዳደር አውቃለሁ፤ ቢሆንም መኖር አለመኖሩን ጠይቁ።

ሴቶች፣ አንድ ነገር ልጨምር። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይን ወይም ካርባማዜፒን የምትወስዱ ከሆነ ክንድ ላይ የሚቀበረውም ሆነ የሚዋጠው የወሊድ መከላከያ ኃይሉ ይቀንሳል። ዲፖ (መርፌው) ወይም ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው) ይሻላችኋል።

ፌኖባርቢታሉ በሌላ ተተክቶ ካበቃ በኋላም ማታ የምትጨምሩትን ዶሉቴግራቪር በዚያው ቀን አታቁሙ። ጉበት ወደ ቀድሞው ልኩ እስኪመለስ ቢያንስ 2 ሳምንት ቀጥሉበት።