ባውንደሪ ዎተርስ፦ ታንኳ በትከሻ የሚሄድበት የሐይቅ አገር

የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ከካናዳ ጋር በምትዋሰንበት ሰሜናዊ ጥግ ከ1,100 በላይ ሐይቆች ተጠጋግተው ተኝተዋል። ቦታው ባውንደሪ ዎተርስ ይባላል፤ «የድንበር ውኃዎች» እንደማለት ነው። ስፋቱ 4,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በሱፒሪየር ብሔራዊ ደን ውስጥ ይገኛል። መንገድ የለውም። ሱቅ የለውም። ሆቴል የለውም። ከጥቂት ሐይቆች በስተቀር የሞተር ጀልባም አይገባበትም። የሚገባው ታንኳ ነው፤ በዓመትም ወደ 150,000 ሰው ይጎበኘዋል።

ሐይቆቹን የቆፈረው የበረዶ ግግር ነው። ከ10,000 ዓመት በፊት ገደማ ግግሩ ሲያፈገፍግ ያረጀውን አለት ፍቆ ጉድጓዶቹን በውኃ ሞልቷቸው ሄደ። ከዚያ በኋላ ኦጅብዌ የሚባለው የአካባቢው ነባር ሕዝብ ከበርች ዛፍ ቅርፊት ታንኳ እየሠራ ሲመላለስበት ኖረ። የጣናን የደንገል ታንኳ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ አካባቢው ያበቀለውን ቀላል ነገር አስሮ ውኃ ላይ መጣል ነው። ልዩነቱ የጣናው ታንኳ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፣ የኦጅብዌው ግን ቀላል እንደሆነ ይቆያል። ቀላል መሆንም አለበት፣ ምክንያቱም እዚህ አገር ታንኳ የሚያሻግረው ሰውን ብቻ አይደለም። ሰውም ታንኳውን ያሻግራል።

በሁለት ሐይቆች መካከል ያለው የእግር መንገድ «ፖርቴጅ» ይባላል። እዚያ ሲደርሱ ወርደው፣ ዕቃውን አዝለው፣ ታንኳውን ገልብጠው ትከሻ ላይ ጭነው ይሄዳሉ። ርቀቱ በሜትር ሳይሆን በ«ሮድ» ይለካል፤ አንዱ ሮድ 5 ሜትር ያህል፣ ማለትም የአንድ ታንኳ ቁመት ነው። ካርታው ላይ 30 ወይም 40 ካለ ቀላል ነው። 200 ካለ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ ድንጋይና ጭቃ ያለበት አንድ ኪሎ ሜትር። ሁሉንም ባንዴ መሸከም ካልቻሉ ደግሞ ሒሳቡ ይከፋል፦ ግማሹን አድርሶ መመለስ፣ ከዚያ ቀሪውን ይዞ መሄድ። አንዱ ኪሎ ሜትር ሦስት ሆነ ማለት ነው። ጸጉራም የአውሬ ቆዳ ይነገድ በነበረበት ዘመን ቮያዠር የሚባሉት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ቀዛፊዎች እያንዳንዳቸው 41 ኪሎ የሚመዝን ጥቅል ሁለት ሁለት ይሸከሙ ነበር። እኛ ያን ያህል አንችልም፣ አይጠበቅብንምም።

ስለዚህ የዚህ ሽርሽር ዕቅድ ዞሮ ዞሮ የክብደት ዕቅድ ነው። ታንኳ ሲከራዩ የአልሙኒየሙ 30 ኪሎ ገደማ ነው፤ ጥይት መከላከያ ሰደርያ የሚሠራበት የኬቭላሩ ግን ወደ 19 ኪሎ ይወርዳል። ኪራዩ ወደድ ይላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሌላው ላይ ቆጥባችሁ እሱን ተከራዩ።

አገሩ እንዲህ ተጠብቆ የቆየው በሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ፕሬዚዳንት ትሩማን አውሮፕላን ከላዩ ዝቅ ብሎ እንዳይበር ከለከሉ። የ1964ቱ የዱር አካባቢዎች ሕግ ከለላ ሰጠው፤ በ1978 ደግሞ ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት ሕግ ሞተሩን አብዛኛው ቦታ ላይ አስቀረ። የአካባቢውን ሰው እርስ በርስ ያጣላ ሕግ ነበር። በመጨረሻ እዚያው የምትኖረው ዶርቲ ሞልተር ብቻ ቀረች፤ በሥራሥር የጠመቀችውን ለስላሳ መጠጥ ለቀዛፊ ስታቀርብ ኖራ በ1986 አረፈች። ጎጆዋ ዛሬ ኢሊ ከተማ ውስጥ ሙዚየም ሆኗል።

ወደ ፈቃዱ እንምጣ። ከሜይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ለማደር የሚገባ ሁሉ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ቁጥሩም የተወሰነ ነው። ሽያጩ የሚከፈተው በጃንዋሪ የመጨረሻ ረቡዕ ነው፤ በሚኒሶታ ሰዓት ከጠዋቱ 9፣ በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ላይ፣ ሪክሪኤሽን ዶት ጎቭ በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ። ታዋቂዎቹ መግቢያዎች ወዲያው ያልቃሉ። ዋጋው ርካሽ ነው፦ ለአዋቂ 16 ዶላር፣ ለልጅ 8፣ ለቦታ ማስያዣ 6፤ ያውም ለጠቅላላው ጉዞ። ፈቃዱ የሚያስረው መግቢያውንና የመግቢያውን ቀን ነው። አንዴ ከገቡ በኋላ ወደፈለጉበት መቅዘፍ ይቻላል። ቡድኑ ከ9 ሰውና ከ4 ታንኳ መብለጥ የለበትም። ቤተ ዘመድ ይዞ መሄድ የለመደ ሰው ይህን ቀድሞ ይወቅ፤ አሥረኛው ሰው ቤቱ ይቀራል። ፈቃዱን መታወቂያ ይዞ የሚረከበው ስሙ የተመዘገበ መሪ ነው።

ወቅቱስ? በረዶው የሚቀልጠው በኤፕሪል መጨረሻ ወይም በሜይ መጀመሪያ ነው። ሜይና ጁን ጥቁሯ ዝንብና ትንኟ የሚነግሡበት ጊዜ ነው። ኦገስት መጨረሻና ሴፕቴምበር ይሻላል። ተባዩ ይቀንሳል፣ ሰው ይሳሳል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ሰማዩን የመብራት ብርሃን ስለማያደበዝዘው ቦታው በ2020 የጨለማ ሰማይ መጠበቂያ ተብሎ ዕውቅና አግኝቷል፤ ዕድል ከቀናም ሌሊት ሰማይ ላይ በቀለም የሚወናወነውን የሰሜኑን ብርሃን ያያሉ።

አብዛኛው መንገደኛ ሚኒያፖሊስ አውሮፕላን ማረፊያ ወርዶ ወደ ኢሊ በመኪና አራት ሰዓት ያህል ይነዳል። ኢሊ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሥራዋ ግን ታንኳ ነው። ድንኳን፣ መቅዘፊያ፣ የሕይወት አድን ጃኬት፣ ካርታ፣ ምግብ ሳይቀር የሚያከራዩና የሚያዘጋጁ ቤቶች አሏት። ከአውሮፓ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚመጣ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የግል ልብስ ብቻ ይዞ መምጣት ይችላል።

ለሦስት ሌሊት ጀማሪ ሌክ ዋን የሚባለው መግቢያ፣ ቁጥር 30፣ ይስማማዋል። ከዚያ በሁለት አጫጭር ፖርቴጆች ሌክ ቱ ይደረሳል፤ ሌክ ስሪና ሌክ ፎር ይቀጥላሉ። ስም ያወጣው ሰው ሰነፍ ነበር መሰለኝ። ሌክ ዋን ግን ተንኮለኛ ነው፤ በባሕረ ሰላጤና በደሴት የተሞላ ስለሆነ ብዙ ሰው ገና በመጀመሪያው ሰዓት ይጠፋበታል። ካርታው ጉልበት ላይ ተዘርግቶ ይቀመጥ። ስልክ አብዛኛው ቦታ ኔትወርክ የለውም። በ2011 የፓጋሚ ክሪክ እሳት ይህን አካባቢ ስለበላው ዛሬ የሚታየው ጫካ ወጣት ነው።

ስንቁ ላይ እኛ እንበልጣለን። ቆርቆሮና ጠርሙስ ክልክል ነው፤ ስለዚህ ምግቡ ደረቅና ቀላል መሆን አለበት። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፤ ሁሉም ለመንገደኛ የተፈጠሩ ናቸው። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ብዙ ኢትዮጵያዊ ስላለ አብዛኛውን ከሐበሻ ሱቅ መግዛት ይቻላል። ቋንጣ ከአዲስ አበባ ይዤ እመጣለሁ ማለት ግን አይሠራም፤ ጉምሩክ ይወስደዋል። ጉዞው በፍልሰታ ቢውል ሽሮና በሶው ይበቃል፤ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እሳት ዳር ማካሄድ ነው። ለሚበላ ሰው ዋልአይ የሚባለው ዓሣ ግሩም ነው፤ የማጥመጃ ፈቃድ ግን ለብቻው ይገዛል። የሸክላ ጀበናን ሕጉ ባይከለክለውም ድንጋዩ አይምረውም።

ምግቡ ከጥቁር ድብ መጠበቅ አለበት። ወይ ድብ በማይከፍተው ዕቃ ይታሸጋል፣ ወይ ከመሬት 3.6 ሜትር ከፍ፣ ከግንዱም 1.8 ሜትር ራቅ ብሎ ይሰቀላል። ድንኳን ውስጥ ብስኩት እንኳ አይቀመጥም። የሐይቁ ውኃ ጥርት ያለ ቢመስልም ይፈላል ወይም ይጣራል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፤ ማዕበሉ ነጭ አረፋ ሲይዝ ዳር ይዞ መጠበቅ ነው። ብዙዎች በጠዋት የሚቀዝፉት ለዚህ ነው። የሚታደረው እሳት ማንደጃ በተተከለባቸው ቦታዎች ብቻ ነው፤ ቀድሞ ለደረሰ ነው። ሽንት ቤትም አላቸው። ጣሪያና ግድግዳ ግን የለውም፤ ጫካ መሃል የቆመ መቀመጫ ብቻ።

የመጨረሻው ነገር ድንበሩ ነው። በሰሜን በኩል ያሉ ሐይቆች መሃላቸው ካናዳ ይሆናል፤ ማዶ ያለው የኦንታሪዮው ኬቲኮ ፓርክ ነው። አጥር የለም፣ ዘብም አይታይም። ማዶ ላይ መውረድና ማደር ግን የካናዳን ፈቃድና የራሱን የፓርክ ክፍያ ይጠይቃል። በአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ አሜሪካ የገባ ሰው ከሆነ፣ ማዶ ያለው አለት ምንም ቢያምር ምሳውን በዚህኛው ዳር ይብላ።