የሱስ አማካሪነት በኢትዮጵያ የመንግሥት የአእምሮ ጤና ተቋማት

የሱስ አማካሪ በጫት፣ በአልኮል፣ በሲጋራ፣ በካናቢስ ወይም ያለ ሐኪም ትዕዛዝ በሚወሰዱ መድኃኒቶች ምክንያት ኑሮው የተናጋበትን ሰው በንግግር፣ በዕቅድና በተከታታይ ክትትል የሚያግዝ ባለሙያ ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥት ተቋማት ይህ ሥራ ራሱን የቻለ የሥራ መደብ ሆኖ ብዙም አይታይም። በአብዛኛው የሚሠሩት የሳይካትሪ ነርሶች፣ በአእምሮ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ የያዙ ባለሙያዎች፣ ሳይኮሎጂስቶችና ሶሻል ወርከሮች ናቸው። በሩ ላይ የተጻፈው «ሳይካትሪ ክሊኒክ» ቢሆንም ውስጥ የተቀመጠው ነርስ ከቀኑ ግማሹን የሚያሳልፈው በሱስ ምክር ላይ ሊሆን ይችላል።

የአገልግሎቱ ታሪክ ከአማኑኤል ሆስፒታል ታሪክ አይለይም። በጣሊያን ወረራ ዘመን በአዲስ አበባ መርካቶ አካባቢ የተመሠረተው ይህ ተቋም ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። የሳይካትሪ ነርሶች ሥልጠና በዚያው በእ.ኤ.አ. 1987 ተጀመረ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ሐኪሞች የስፔሻሊቲ ሥልጠና የተከፈተው ደግሞ በእ.ኤ.አ. 2003 ነው፤ ከዚያ በፊት የአእምሮ ሐኪም መሆን የፈለገ ሰው ባሕር ተሻግሮ መማር ነበረበት። በኋላ የጎንደርና የጅማ ዩኒቨርሲቲዎች በአእምሮ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ መስጠት ሲጀምሩ ባለሙያው ከዋና ከተማው ወጣ ማለት ጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅት በእ.ኤ.አ. 2008 ይፋ ያደረገውና ኢትዮጵያም የተቀበለችው የአእምሮ ጤና ክፍተትን የመድፈን መርሐ ግብር የአልኮልና የአደንዛዥ ዕፅ ችግሮችን ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ሕመሞች መካከል ስላካተተ፣ ቢያንስ በመመሪያ ደረጃ የሱስ ሕክምና የጠቅላላ ሆስፒታሉና የጤና ጣቢያውም ሥራ ሆኗል። በተግባር ግን ታካሚው ብዙ ጊዜ ወደ አማኑኤል፣ ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ወይም ወደ የካ ኮተቤ ሪፈር ተጽፎለት መምጣቱ አልቀረም።

ቅጠሉና ሰዓቱ

በብዙ ሌሎች አገሮች የሱስ አማካሪ ሥራ በአብዛኛው የሚዞረው በአልኮልና በሄሮይን ዙሪያ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ጫት ስላለ መልኩ ይለያል። በጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ዋነኛ አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ ቅጠሉ እየደረቀ ሲሄድ ካቲኖን ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ የአወዳይ ጫት በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ እርጥበቱ ሳይለቀው፣ በፍጥነት መጓዝ አለበት። ሁለቱ ንጥረ ነገሮች በእ.ኤ.አ. 1971ዱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ቁጥጥር ሥር ሲሆኑ ቅጠሉ ራሱ ግን በኢትዮጵያ በሕግ የተፈቀደ፣ የሚቀረጥና ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ምርት ነው። ብሪታንያ በእ.ኤ.አ. 2014 ስታግደው እዚያ የሚኖሩ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጆች ልማድ በአንድ ቀን ወንጀል ሆነ፤ አዲስ አበባ ያለው አማካሪ ግን የሚያክመው ከሆስፒታሉ አጥር ማዶ በግልጽ የሚሸጥ ነገርን ነው።

ለጫት ሱስ ተብሎ የተፈቀደ መድኃኒት የለም። ስለዚህ በዚህ ዘርፍ ንግግሩ ከኪኒን ጎን የሚሰጥ ማሟያ ሳይሆን ዋናው ሕክምና ነው፤ ይህ ግን ሐኪሙ ማዘዣ ወረቀት ሳይጽፍለት የወጣ ታካሚ «ባዶ እጄን ሸኙኝ» በሚልበት የሕክምና ባህላችን ውስጥ ለማስረዳት ቀላል አይደለም።

አማካሪው መጀመሪያ የሚያጠናው የታካሚውን የቀን ውሎ ነው፤ ምክንያቱም ጫት ብቻውን አይመጣም። ከምሳ በኋላ በርጫ፣ ማለትም ተቀምጦ ጫት መቃም፣ ይጀመራል፤ ሲጋራ፣ ለውዝና ለስላሳ ይከተላሉ፤ ምርቃናው (የጫቱ ሞቅታ) ሲደርስ ጨዋታው ይደምቃል፣ ዕቅድ ይወጣል፣ ፎቅ ይሠራል። አመሻሽ ላይ ዝምታ ይወርዳል። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይፈለጋል፤ ይኸውም ቢራ ወይም አረቄ ነው። በማግስቱ አንጎበሩና ሐራራው (የጫት አምሮቱ) አንድ ላይ ይነሡና በተለይ በሐረርጌ ልማድ ኢጀበና የሚባለው የጠዋት ጫት ይቀመሳል። «ችግሬ መጠጥ ነው» ብሎ የመጣው ሰው ሰንሰለቱ ሲዘረዘር መጠጡ የጫቱ ጅራት ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ጨብሲውን ብቻ አስቁሞ በርጫውን የተወ ሕክምና ደግሞ ብዙ አይዘልቅም።

በመጀመሪያው ቀጠሮ አካባቢ ከታካሚዎች አንደበት ደጋግሞ የሚሰማ አንድ መሐላ አለ፦ «ከነገ ጀምሮ አልነካውም»። ልምድ ያለው አማካሪ መሐላውን አያሞግስም፣ አያጣጥልምም። «ነገ ስምንት ሰዓት ላይ የት ትሆናለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ብዙው ሰው መልስ የለውም፤ ላለፉት አሥር ዓመታት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የት እንደሚገኝ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃልና። ከዚያ በኋላ የሚካሄደው ውይይት ሰዓቱን በምን እንሙላው፣ መንገዱን በየት እናድርገው፣ ስልክ ውስጥ ያለው የጫት አቅራቢ ቁጥር ይጥፋ ወይስ ይቆይ የሚል፣ ከውጭ ለሚያየው ተራ ወሬ የሚመስል ሥራ ነው። ሥልጠና ላይ የሚሰጠው የማነቃቂያ ቃለ ምልልስ ዘዴ፣ ማለትም ለመለወጥ የሚያበቃውን ምክንያት ከራሱ ከታካሚው አፍ ማውጣት፣ እዚህ ላይ ጥሩ ያገለግላል፤ ግን ስምንት ሰዓትን የማያውቅ ዘዴ ብቻውን ብዙ አያራምድም።

ልኬቱ

ለአልኮል በስፋት የሚያገለግለው የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ ኦዲት ይባላል። አሥር ጥያቄዎች አሉት፤ ከፍተኛው ውጤት 40 ሲሆን 8ና ከዚያ በላይ ጎጂ ሊሆን የሚችል አጠጣጥን ያመለክታል። ችግሩ ያለው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው፤ በሚጠጡበት ቀን «ስንት መጠጥ» እንደሚወስዱ ይጠይቃል። መደበኛው አንድ መጠጥ 10 ግራም ንጹሕ አልኮል ሲሆን 5 በመቶ አልኮል ያለው የ330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ገደማ ይይዛል። ጠጅ ግን በብርሌ፣ ጠላ በጣሳ፣ አረቄ በመለኪያ፣ ድራፍት በጃምቦ ይቆጠራል፤ የጠላው ብርታት ከቤት ቤት፣ የአረቄውም አንዴ ወይም ዳግም እንደ መውጣቱ ይለያያል። ስለዚህ አንዳንድ አማካሪዎች ከመጠን ይልቅ በብር ይጠይቃሉ፦ «ትናንት ኪስህ ውስጥ ስንት ነበር? ማታ ስንት ቀረ?» ሂሳቡ ግምት ቢሆንም ሰው ከጠጣው መለኪያ ይልቅ የጎደለውን ብር አጥርቶ ያስታውሳል።

አጠራርም የራሱ ጥንቃቄ አለው። «ሱሰኛ» የሚለው ቃል በአማርኛ ስድብ ስለሆነ በምክር ክፍሉ ውስጥ አይነገርም። በዕድሜ የገፋውን ሰው ወጣቷ ነርስ «ጋሼ» ወይም «እርስዎ» ብላ ነው የምታናግረው፤ በጽሑፍ የመጣው መጠይቅ ግን የግል ጉዳዮችን በአንተታ የሚጠይቅ ይመስላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በቃሏ አቃንታ ታነበዋለች።

ማቆም የሚያስፈራበት ጊዜ

የሱስ አማካሪ ከማንም በላይ ሊያውቀው የሚገባው ነገር፣ ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊሞት እንደሚችል ነው። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጥል በሽታን የመሰለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል፤ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ ዴሊሪየም ትሬመንስ የሚባለው፣ ታካሚው የሌለ ነገር እያየ የሚቃዥበት፣ ላቡ የሚፈስበትና የሚንቀጠቀጥበት ሁኔታ ሊከተል ይችላል። ሕክምናው በሐኪም ክትትል የሚሰጥ እንደ ዳያዜፓም ያለ ማረጋጊያ መድኃኒትና ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ነው፤ ታያሚኑም ከግሉኮስ በፊት መሰጠት አለበት፤ አለዚያ በቫይታሚኑ እጥረት የተጎዳው አንጎል ይብስበታል። አማካሪው መድኃኒት አያዝዝም፤ እጁ የሚንቀጠቀጠውን ታካሚ ከወረፋው አውጥቶ ለሐኪም የማድረስ ኃላፊነት ግን አለበት።

ይህ አደጋ በአገራችን የራሱ የቀን አቆጣጠር አለው። ብዙ ጠጪ በዐቢይ ጾም መግቢያ «ለሁዳዴ ትቻለሁ» ብሎ በአንድ ሌሊት ያቆማል። ሌላው ጸበል ገብቶ ወይም ለንስሐ አባቱ ቃል ሰጥቶ ወይም በካህን ግዝት ታስሮ ይተዋል። የሚንቀጠቀጥና የሚቃዥ ጠጪ በጸበል ቦታ መንፈስ እንደ ያዘው ሊታይ ይችላል፤ ቤተሰቡም ሳያውቅ ውድ ሰዓታትን ያባክናል። ብልህ አማካሪ ከእምነቱ ጋር አይጣላም፤ ጸበሉን ከመድኃኒቱ ጋር እንዲያስኬድ፣ ካህኑም እንዲያውቀው ይመክራል። በዚህ ጸሐፊ ግምት፣ ግዝትን እንደ ኋላ ቀር ልማድ የሚቆጥር ባለሙያ በእጁ ያለውን ትልቁን መሣሪያ ይጥላል፤ 55 ቀን ሙሉ ያለ መጠጥ የቆየ ሰው ማቆም እንደሚችል ራሱ አሳይቷልና። በረመዳንም ተመሳሳይ ነገር ይታያል፤ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ቀኑ ይጾምና በርጫው ወደ ሌሊት መዛወሩ ነው።

ቤተሰብ፣ ምስጢርና ሕግ

ታካሚው ብቻውን የሚመጣው ጥቂት ጊዜ ነው። እናት፣ ታላቅ እኅት፣ አንዳንዴም የዕድር ጎረቤት አብረው ይገባሉ፤ ታሪኩንም የሚጀምሩት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ አማካሪው በአንድ ቀጠሮ ሁለት ንግግር ያካሂዳል፦ መጀመሪያ ከታካሚው ጋር ብቻ፣ ቀጥሎ በእርሱ ፈቃድ ከቤተሰቡ ጋር። ደመወዙ በእኅቱ ሂሳብ ይግባ ወይስ አይግባ የሚለው ክርክር ብቻ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ የኤቲኤም ካርዱን ለእናቱ አስረክቦ የወጣ የሠላሳ ዓመት ሰው ደግሞ በርጫው ቀርቶለት ሳለ ክብሩ የተነካ መስሎት ወደ ጫቱ ሊመለስ ይችላል። ከቤተሰብ የሚሰወር ምስጢር፣ ለአሠሪ የሚጻፍ የሕክምና ወረቀት ላይ የሚሰፍረው ቃል፣ በወንጀል ሕጉ የተከለከለ ዕፅ የሚጠቀም ሰው «ፖሊስ ጋ ይደርስብኛል» የሚለው ስጋት፣ እነዚህ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ግልጽ መደረግ አለባቸው፤ ምስጢሩ የሚሰበረው የታካሚው ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ እንደሆነም ጭምር።

የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮልና ሲጋራ መሸጥን ከልክሏል፤ የአልኮልን ማስታወቂያም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወግዷል። ጫትን በተመለከተ አማካሪው የሚደገፍበት እንዲህ ያለ አገር አቀፍ ክልከላ የለም።

ሲያገረሽ

ሱስ እንደ ስኳርና ደም ግፊት ሊያገረሽ የሚችል ሕመም ነው፤ በዚህም ምክንያት የአማካሪው ሥራ ታካሚው ካቆመበት ቀን በኋላ ይበዛል እንጂ አይቀንስም። አስጊዎቹ ቀናት ይታወቃሉ፦ የደመወዝ ቀን፣ ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ከሁሉም በላይ የጾም ፍቺ። በትንሣኤ ሳምንት ወደ ክሊኒኩ የሚመለሰው ሰው የቀጠሮ ካርዱን አጣጥፎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ይቀመጣል። ነርሷ «እንኳን አደረሰህ» ብላ ትጀምራለች። ካርዱ ላይ እንዳገረሸበት ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት ያለፉትን 55 ቀናት፣ የመጀመሪያውን ብርሌ የቀዳለትን ዘመድና ሰዓቱን ትመዘግባለች፤ ቀጣዩንም ቀጠሮ ደመወዝ ከሚወጣበት ዋዜማ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ታደርገዋለች።