ደጋ ላይ ማረፍ፦ ስለ ሰሜን ሸዋ የጎጆ እረፍትና ማዕድ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እረፍት ሲባል የብዙ ሰው ልብ ወደ ሐይቅ ዳር ይሄዳል፤ ላንጋኖ፣ ሀዋሳ፣ ቢሾፍቱ። ሰሜን ሸዋ እንደነዚያ ያለ ሐይቅ የለውም። ገደል፣ ጉም፣ የጓሳ ሣርና ብርድ ግን ሞልቶታል፤ ከብርዱ ጋር አብሮ የኖረ ማዕድም አለው። አንኮበር ወይም መንዝ ጓሳ ጎጆ ተከራይቶ ሁለት ሦስት ቀን መሰንበት ሐይቅ ዳር ከማረፍ በምንም አያንስም። ጉዞውን ብዙ ጊዜ የሚያበላሹት ሰው ሁሉ የሚደጋግማቸው፣ ማንም ያልመረመራቸው ጥቂት አባባሎች ናቸው።

«እኛ ደገኞች ነን፣ ከፍታ አይነካንም»

ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መንዝ ጓሳ ደግሞ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። መንዝ ተወልዶ ያደገም ቢሆን ዓመታት ሸዋ ሮቢት ወይም አዳማ ከርሞ በአንድ ቀን ጓሳ ቢወጣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሊገጥመው ይችላል። ከቆላ የሚመጣ ሰው የመጀመሪያዋን ሌሊት ደብረ ብርሃን አድሮ በማግስቱ ቢወጣ ይሻለዋል። ጓሳ የደረሱ ዕለት ገደል ለገደል መሮጥ ይቅር፤ ውሃ በደንብ ይጠጣ፣ ራትም ቀለል ይበል። ቁጭ ባለበት ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም እግሩ የሚንገዳገድበት ሰው ካለ እስኪነጋ አትጠብቁ። መድኃኒቱ ወዲያው ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ነው።

«ብርዱ የሚከፋው ክረምት ነው»

በክረምት ጉሙና እርጥበቱ አጥንት ሰርስሮ ስለሚገባ እንዲህ ቢባል አይገርምም። ነገር ግን ውርጭ የሚጥለው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ነው። ደመና መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት እንደ ብርድ ልብስ ይይዘዋል። ሰማዩ ሲጠራ ሙቀቱ ሽቅብ ያመልጣል፣ ሲነጋ ሣሩ ላይ ነጭ ውርጭ ይታያል። ቀን ላይ ፀሐዩ ስለሚያቃጥል ሰው ይታለልና ስስ ልብስ ይዞ ይመጣል። ከመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራ ባና ካገኛችሁ አንዱን ከላይ ልበሱት፣ ሌላውን ግን ከሥር አንጥፉት። ፍራሹ ስስ ከሆነ ብርዱ የሚመጣው ከመሬት ነው፤ ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ መደራረብ ያንን አይመልሰውም።

«ከሰሉ ካልጨሰ አይጎዳም»

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው። ፍም የሆነ ከሰል ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ስለሆነ «ከፍታው ነው» ወይም «የማታው መጠጥ ነው» ተብሎ ይታለፋል። አንድ ክፍል ውስጥ ያደሩ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው መጀመሪያ በሩን ከፍታችሁ ውጡ፣ ከዚያ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አመድ የለበሰ ፍምም ያው ነው፤ ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃው ከክፍሉ ይውጣ። አልጋ ለማሞቅ ክዳኑ የማያፈስ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማስቀመጥ ይበቃል።

«አረቄ ያሞቃል»

ቆዳን ያሞቃል እንጂ ሰውነትን አያሞቅም። አልኮል ቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ሙቀት ይሰማናል፤ በዚያው መጠን ግን የውስጥ ሙቀታችን ወደ ውጭ ይወጣል። ለመቅመስ ያህል ከራት ጋር፣ ቤት ውስጥ፣ ሰውነታችሁ ከፍታውን ሲለምድ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ይሁን።

«እሳቱ ከበረታ ወጡ ቶሎ ይበስላል»

ከቆላ የመጣ ሰው ደጋ ላይ ወጥ ሲሠራ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ክኩ ተጥዶ ሁለት ሰዓት ይንተከተካል፣ ውሃው ሁለት ጊዜ ይጨመርበታል፣ በጣት ሲጫኑት ግን ልቡ ጠጠር ነው። ክኩ አሮጌ ነው ተብሎ ነጋዴው ይታማል። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ውሃ ባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሲፈላ ደብረ ብርሃን ላይ በ90፣ ጓሳ ላይ በ89 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አንዴ ከፈላ በኋላ እንጨት ቢጨመርበት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ ባቄላና አተር ማታ ዘፍዝፋችሁ እደሩ። ድስቱን ክደኑት፣ እሳቱን መጥኑት። ቲማቲምና ሎሚ ጥራጥሬው ሳይበስል ከገቡ ያጠነክሩታል፤ መጨረሻ ላይ ይግቡ። የበግ ቅቅልም እንዲሁ ከለመዳችሁት ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ፕሬዠር ድስት ካለ ሁሉንም ያቀላል። የምንጭ ወይም የወንዝ ውሃ ለመጠጥ የምታፈሉ ከሆነ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ሙሉ ይቆይ።

«በሶ የመንገደኛ ስንቅ ነው»

ስንቅነቱ እውነት ነው፤ ለእረፍት ቁርስ ግን ደጋ ላይ ከእሱ የሚሻል አናውቅም። ገብሱ ታምሶ ስለተፈጨ የሚበላው ሳይበስል ነው፤ ጠዋት በብርድ እሳት አንድዶ መጠበቅ የለም። የሚበላሸው ሲታሸት ነው። ሰው ውሃውን በአንዴ ያፈስበትና ሊጥ ሆኖ እጁ ላይ ይጣበቅበታል፣ ከዚያ ዱቄት ሲጨምር በሶው ይበዛና የሚበላው ያጣል። በሶውን በሰፊ ሳህን አድርጋችሁ ጨውና ትንሽ በርበሬ ቀላቅሉበት። ውሃውን በማንኪያ እየረጫችሁ እሹት። ገና ደረቅ ሲመስል ቁሙ፤ የታመሰ ገብስ ውሃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ ሁለት ሦስት ደቂቃ ስጡት። ጨብጣችሁ ስትለቁት የጣታችሁ ምልክት ሳይፈርስ ከቀረ ደርሷል። የቀለጠ ቅቤ የሚገባው በመጨረሻ ነው።

«ሚጥሚጣና አረቄ ኮሶን ይገድሉታል»

አይገድሉትም። በጥሬ የበሬ ሥጋ ውስጥ ያለው የኮሶ እጭ የሚሞተው ሥጋው እስከ ውስጡ ሲበስል ነው፤ ለብ ለብ የተደረገ ሥጋም ከዚህ አደጋ አያመልጥም። ጥሬ ሥጋ የምትወዱ ይህን አውቃችሁ ወስኑ። «ከላሟ ጡት የወረደ ወተት ጤና ነው» የሚባለውም እንደዚሁ ነው፤ ያልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስ የሚባል የከብት በሽታና የከብት ቲቢ ሊያስተላልፍ ይችላል። ወተት ደጋ ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ ቢፈላም ለዚህ ይበቃል፤ ገንፍሎ እንዲወጣ መጠበቅ ብቻ ነው።

«በጾም ከሄዱ የሚበላ የለም»

ሰማዩ ጠርቶ ገደሉ እስከ ታች የሚታይበት ወቅት ከነቢያት ጾም ጋር ይገጥማል፤ ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ። ከዚህ ውጭም ረቡዕና ዓርብ አሉ። በእነዚህ ቀናት ገጠር ጥብስ መጠየቅ ባለቤቶቹን ማስጨነቅ ነው፤ ዕቃውም ለየብቻ ነው። የጾሙ ገበታ ግን ሙሉ ነው፦ የባቄላ ሽሮ፣ የተልባ ወጥ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ስልጆ። ስልጆ ከባቄላ ዱቄት ተገንፍቶ በሰናፍጭና በነጭ ሽንኩርት ለቀናት የሚብላላ ስለሆነ ዛሬ ታዝዞ ዛሬ አይቀርብም። አስቀድማችሁ ደውሉ፤ እግረ መንገዳችሁንም ማረፊያው ምግብ ያቀርብ እንደሆነ ወይስ አስቤዛ ይዛችሁ መሄድ እንዳለባችሁ ጠይቁ።

«ጭላዳ ዳቦ ቢሰጡት ደስ ይለዋል»

የጭላዳ ዋና ምግቡ ሣር ነው። ዳቦ የለመደ መንጋ ሰው መፍራቱን ይተውና ማሳ ይገባል፣ ከገበሬው ጋርም ይጣላል። ውሻ ይዞ ጓሳ መሄድም አይገባም፤ ቀይ ቀበሮዎቹን የሚጨርሰው የእብድ ውሻ በሽታ የሚደርሳቸው ከቤት ውሻ ነው።

«ቡና አቦሉን ጠጥቶ መነሳት ይቻላል»

ይቻላል፤ ያፈላችውን እመቤት ግን ያስቀይማል። ቶናና በረካ አሉ፣ ቆሎም ይቀርባል። ከመቁላት እስከ በረካ አንድ ሰዓት ተኩል ያዙለት፤ ለሾፌሩ የምትሰጡት የመነሻ ቀጠሮም ከዚያ በኋላ ይሁን።