ለመኝታ ቤት ርካሽ ቴሌቪዥን ሲገዛ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ፒያሳ ቴሌቪዥን ሊገዛ የሚወጣ ሰው ምክር አይቸግረውም። ጎረቤቱም፣ የሚስቱ ወንድምም፣ ቡና ላይ የተገኘውም ሁሉ አዋቂ ነው። ገንዘቡ የተቆጠረ፣ ቴሌቪዥኑም ለመኝታ ቤት ከሆነ ግን ከእነዚህ ምክሮች ብዙዎቹ ብሩን ያለ ቦታው ያስወጡታል።

«ከተገዛ አይቀር ትልቁ»

የቴሌቪዥን ኢንች የሚለካው ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ነው። 32 ኢንች 81 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን የመስታወቱ ወርድ 71 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ የ43 ኢንች ወርድ ደግሞ ወደ 95 ይጠጋል። አልጋውና ቁም ሳጥኑ ከገቡ በኋላ ከትራስ እስከ ፊት ለፊቱ ግድግዳ የሚቀረው ሁለት ሜትር ገደማ ከሆነ 32 ይበቃል። ወደ ሱቅ ሲኬድ ሜትር መያዝ አያሳፍርም። ካርቶኑ ላይ 32 ተብሎ የተጻፈበት፣ ሲለካ ግን የሚጎድል ዕቃ ሊያጋጥም ይችላል። የሚለካውም ጠርዙ ሳይሆን ምስል የሚታይበት ክፍል ነው።

«ፎርኬ ካልሆነ አይጠራም»

ተራ ባለ 32 ኢንች ኤችዲ ስክሪን 1366 በ768 ነጥቦች አሉት። ከሁለት ሜትር ርቀት ላይ ጤነኛ ዓይን እነዚህን ነጥቦች ነጣጥሎ አያይም፤ ስለዚህ በዚህ መጠን ለፎርኬ፣ ማለትም ነጥቦቹ እጅግ ለበዙ ስክሪን፣ የሚጨመረው ብር የሚከፈለው ለካርቶኑ ጽሑፍ ነው። መኝታ ቤት ውስጥ የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ነው፦ ሰው ተጋድሞ፣ ከጎንና ከታች ሆኖ ስለሚያይ ምስሉ ከዚያ አቅጣጫ መጥቆር ወይም መንጣት የለበትም። ሱቁ ውስጥ ቴሌቪዥኑን አስከፍቶ ቁጢጥ ብሎ ማየት ነው። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ።

«የሳሎኑን ዲሽ ገመድ ከፍሎ መሳብ ብቻ ነው»

ብዙ ቤት ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ዲሹ ፊት ያለው ኤልኤንቢ (የሳተላይቱን ሲግናል የሚይዘው ራስ) ዝም ብሎ የሚቀበል ዕቃ አይደለም፤ ከሪሲቨሩ ትእዛዝ ይጠብቃል። ሪሲቨሩ በገመዱ 13 ቮልት ሲልክ አንዱን የጣቢያ ክፍል፣ 18 ቮልት ሲልክ ሌላውን ያቀብላል። አንድ ገመድ በስፕሊተር ተከፍሎ ሁለት ሪሲቨር ሲሰካበት ሳሎን ያለው አንዱን፣ መኝታ ቤት ያለው ሌላውን ያዛል፤ ከሁለት አንዱ ጣቢያ ያጣል። ከዚያ በኋላ «አዲሱ ቴሌቪዥን ተበላሽቷል» ይባላል። መፍትሔው ሁለት መውጫ ያለው ኤልኤንቢ ገዝቶ ለመኝታ ቤቱ የራሱን ገመድ መዘርጋት ነው። ሁለተኛ ዲሽ አያስፈልግም።

ሁለተኛ ሪሲቨርም ላያስፈልግ ይችላል። ቴሌቪዥኑ ዲቪቢ ኤስ2 የሚባለው መቀበያ በውስጡ ካለው የዲሹ ገመድ በቀጥታ ይሰካበታል፤ ነፃ ጣቢያዎችንም ያሳያል። ቲ2 ብቻ የተጻፈበት ግን ከምድር አንቴና እንጂ ከዲሽ አይቀበልም። «ሪሲቨር አለው» የሚለውን የሻጭ ቃል ከማመን በፊት የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ያዋጣል።

በዚሁ አጋጣሚ፣ «ጦሳ ተራራ ሲግናል ይከለክለናል» የሚሉም አሉ። የኢትዮጵያ ጣቢያዎችን የሚያስተላልፈው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ያለው ሳተላይት ከወሎ ሲታይ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከአድማስ 65 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው። ዲሹ የሚያየው ወደ ሰማይ ስለሆነ ከተራራው ይልቅ የቤቱ ክፈፍና የጎረቤት ባሕር ዛፍ ናቸው የሚጋርዱት።

«ሁለተኛ ቴሌቪዥን መብራት ይበላል»

ባለ 32 ኢንች ኤልኢዲ ከ30 እስከ 50 ዋት ይወስዳል። የእንጀራ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ሊወስድ ስለሚችል አንድ ሰዓት የተጋገረበት ኃይል ቴሌቪዥኑን ከ60 ሰዓት በላይ ያሠራዋል። መፍራትስ የቮልቴጅ መዋዠቅን ነው። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን መንቀል፣ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት።

«ያገለገለ ፕላዝማ ይሻላል፣ የጥንት ዕቃ ጠንካራ ነው»

ለደሴ አይሆንም። ፕላዝማ በጋዝ የሚሠራ ስክሪን ነው፤ ከፍታ ሲጨምርና የአየር ግፊት ሲቀንስ እዝዝ የሚል ድምፅ ያወጣል። ደሴ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ሌሊት በጸጥታ ለሚታይ ቴሌቪዥን ይህ አይመረጥም፤ ኃይልም አብዝቶ ይወስዳል።

«ድምፅ እያለ ምስል ከጠፋ አበቃለት»

አላበቃለትም። ክፍሉን አጨልሞ የእጅ ባትሪ ስክሪኑ ላይ በቅርብ ማብራት፤ ደብዘዝ ያለ ምስል ከታየ የሞተው ከስክሪኑ ጀርባ ያለው የኤልኢዲ መብራት ነው፤ ባለሙያ ይቀይረዋል። ዕድሜውን ለማራዘም ቴሌቪዥኑ በተገዛበት ቀን የጀርባ መብራቱን ከከፍተኛው ዝቅ ማድረግ ነው፤ ለመኝታ ቤት ግማሹም ይበዛል። የተሰነጠቀ ስክሪን ግን ሌላ ነገር ነው፤ መቀየሪያው ብዙ ጊዜ ወደ አዲሱ ቴሌቪዥን ዋጋ ስለሚጠጋ አያዋጣም። ስለዚህ ከደሴ ወደ ወረኢሉ ወይም ወደ ሐይቅ ሲጫን ካርቶኑ ቆሞ ይሂድ፤ ረዳቱ አስተኝቶ ጆንያ ሊጭንበት ሲል ዝም አይባልም።

«ስማርት መሆን አለበት»

ቤቱ ውስጥ ዋይፋይ ካለ ጥሩ ነው። ከስልክ በሚጋራ ዳታ ከሆነ ግን ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ሊጨርስ ይችላል። ኤችዲኤምአይ የሚባለው መሰኪያ ያለው ተራ ቴሌቪዥን ላይ ወደፊት ስማርት ማድረጊያ ሣጥን መሰካት ይቻላል።

«ግድግዳ ላይ መስቀል ቀላል ነው»

ለብሎኬት ቤት አዎ። በጭቃ ቤት ግን ቡሎኑ ጭቃውን ብቻ ከያዘ ቴሌቪዥኑ አራትና አምስት ኪሎ ብቻ ቢመዝንም ቀስ በቀስ ይዞት ይወርዳል። ግድግዳውን አንኳኩቶ ምሰሶውን ማግኘትና ማንጠልጠያውን እንጨቱ ላይ ማሰር ያስፈልጋል። ምሰሶው ከአልጋው ፊት ለፊት ካልዋለ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ይሻላል፤ ለተጋደመ ሰው አንገትም የሚመቸው እሱ ነው።