ለጎረቤት ሁለት ድስት የምንጥድ ሰዎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እኅቴን በጥር ስንድር ደሴ እናቴ ግቢ ውስጥ ሁለት ዳስ ተጥሎ ነበር። ወሎ ያደገ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። አንዱ የእኛ፣ ሌላው የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ነው። የእነሱን በሬ ያረደው ራሳቸው የመረጡት ሰው፣ ወጡን የሠሩት የእነሱ ሴቶች ናቸው፤ ድስቱ፣ ጭልፋው፣ መክተፊያው ሳይቀር ከእነሱ ቤት መጣ። እናቴ ቀኑን ሙሉ ሕፃናቱን ስትጠብቅ ዋለች፤ የእኛ ጭልፋ ተሳስቶ ወደዚያ ድስት እንዳይገባ። «ለምን የእኛን አትበሉም?» ብሎ የተቆጣ የለም፣ ተናቅሁ ያለም የለም። ማታ ሁሉም አንድ ላይ ሙሽሪትን መርቆ ሸኘ።

በዚያው ወር አስተርእዮ ማርያም ማክሰኞ ቀን ዋለች። ከቅዳሴ መልስ ጽዋችንን ለመጠጣት ተሰበሰብን። ጸሎት ሲጀመር ከአረብ አገር ከተመለሰች ዓመት ያልሞላት አንዲት እኅታችን ስልኳን አወጣች። አጠገቧ ነበርሁ። መስታወቱ ተሰነጣጥቋል፤ ከስንጥቁ ሥር «ዘሠሉስ»፣ የማክሰኞ ማለት ነው፣ የሚለውን በዓይኔ አንብቤአለሁ። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ነው የከፈተችው።

«አንቺ! በጸሎት ሰዓት ስልክ ይነካካል? ፈሪሃ እግዚአብሔር የለሽም?» አሉ ከማኅበሩ እናቶች አንዷ። ሌላዋ ደግሞ ስለ ሱሪዋ ጨመረች። ልጅቷ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ጠበሏን ጠጣች፣ ዳቦውን በሶፍት ጠቅልላ ወጣች። ይኸው ሦስት ወር፣ ወደ ማኅበሩ አልተመለሰችም። እኔም ያየሁትን አይቼ ዝም አልሁ፤ ይህን በደሌን ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ።

ነገሩን ኋላ ከአክስቷ ሰማሁ። ትሠራበት በነበረው ቤት የጸሎት መጽሐፍ ማስቀመጥ አትችልም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ሌሊት፣ የቤቱ ሥራ ሲያልቅ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ የስልኩን ብርሃን ዝቅ አድርጋ ነው ስትጸልይ የኖረችው። እኛ መዝናኛ ነው ያልነው ስልክ ለእርሷ የጸሎት ቤቷ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሮሜ ምዕራፍ 14ን ደጋግሜ አነበብሁት። በሮም ምእመናን መካከል ሁሉን የሚበላ ነበር፣ አትክልት ብቻ የሚበላም ነበር። አንዱን ቀን ከሌላው የሚያስበልጥ ነበር፣ ሁሉን ቀን እኩል የሚያይም ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ የራሱ አቋም አለው፤ በራሱ ርኩስ የሆነ መብል እንደሌለ ተረድቻለሁ ይላል። ሆኖም ያንን አቋሙን በማንም ላይ አልጫነም። «የሚበላ የማይበላውን አይናቀው የማይበላውም በሚበላው አይፍረድ፥ እግዚአብሔር ተቀብሎታልና» አለ እንጂ።

ልብ በሉ፣ ለሁለቱ የሰጠው ትእዛዝ አንድ ዓይነት አይደለም። ለሚበላው አትናቅ፣ ለማይበላው አትፍረድ ነው ያለው። የየራሳቸውን በሽታ ያውቃልና። ነፃ ነኝ የሚለው ሰው በሽታው ንቀት ነው። የከተማው ወጣት አጥብቃ የምትጾመውን አያቱን፣ ፎቶ አልነሣም የሚሉትን አባት፣ «ገና ድሮ ላይ ናቸው» ይላል። ጥብቅ ነኝ የሚለው ደግሞ በሽታው ፍርድ ነው፤ ሱሪ አይቶ ልብ ያነበበ ይመስለዋል። ያን ዕለት ማኅበራችን ውስጥ ሁለቱም ነበሩ። እናቶች ፈረዱ። እኛ የተማርነው ዝም ብለን በልባችን ናቅናቸው። የእኛን ማንም ስላልሰማው ብቻ ነው የተሻልን የመሰለን።

ይህን ስል የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሁሉ እንደየሰው ፈቃድ ነው ማለቴ አይደለም። ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፤ የታመመም ንስሐ አባቱን ይጠይቃል። በሃይማኖት ነገር ድርድር የለም። የማወራው በየቤታችን ስለምንጣላበት ነው፦ በስልክ መጸለይ፣ የሠርጉ ቬሎና ዲኮር፣ ሴት ልጅ ለሥራ ከአገር ትውጣ አትውጣ። (ስለ ሠርግ ከተነሣ አይቀር፣ ከቬሎው ይልቅ ሙሽሮቹን ተከትሎ ቤት የሚገባው ዕዳ ያስፈራኛል።)

በሥርዓት ጉዳይም ቢሆን አባቶቻችን ልዩነት ገጥሟቸዋል፤ ያውም እዚሁ አጠገባችን። ሐይቅ እስጢፋኖስ ስንሳለም የአባ ኢየሱስ ሞአን ገድል እንሰማለን እንጂ፣ ያ ገዳም በአንድ ወቅት ስለ ሰንበት ቀን በተነሣ ክርክር ሰው የታሰረበት መሆኑን የምናስታውስ ጥቂቶች ነን። የደብረ ቢዘን ገዳሙ አቡነ ፊልጶስ ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ሆና ትከበር በማለታቸው፣ በዐፄ ዳዊት ዘመን ሐይቅ ላይ ታስረው ተቀምጠዋል። አሳሪም ታሳሪም መነኮሳት ነበሩ፤ ሁለቱም ያንኑ መዝሙረ ዳዊት ይደግማሉ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1404 ንጉሡ አስፈቷቸው፣ ወገኖቻቸውም ቅዳሜን እንዲያከብሩ ፈቀደ። ቤተ ክርስቲያን ግን ነገሩን በጉባኤ የቋጨችው በ1450 ነው፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በደብረ ምጥማቅ። ዛሬ ሁለቱንም ሰንበታት እናከብራለን። ወደ ግማሽ ምዕት ዓመት የወሰደ ነገር! እኛ የአንዲትን ልጅ ነገር ለመቍረጥ ግን ጽዋው እስኪዞር እንኳ አልታገሥንም።

ወጣቶች ሆይ፣ ለእናንተም ቃል አለኝ። ጳውሎስ ለብርቱው የሰጠው ሸክም ይከብዳል፦ ወንድምህ የሚሰናከልበትን አለማድረግ መልካም ነው ይላል። ስልካችሁን ለጸሎት ስትከፍቱ ድምፁን አጥፉት፣ መልእክት እንዳይገባ ዝጉት፤ አጠገባችሁ ላሉት እናትም «እማማ፣ ውዳሴ ማርያም ነው» ብላችሁ አሳዩአቸው። ካህኑ ሥጋ ወደሙ ሲያቀብል ስልክ ዘርግቶ ለቲክቶክ መቅረጽ ግን ለእኔ ጸሎት አይደለም፤ ይህን ሳልሸሽግ እነግራችኋለሁ። አይቼም ወንድሜን ለብቻው ጠርቼ ነው የምነግረው፣ በሰው ፊት አይደለም።

እናቴን ያን ዕለት ዳስ ውስጥ ማን አስተማራት? ጭልፋውን የጠበቀችው የጎረቤቷን እምነት ተቀብላ አይደለም፤ በእምነቷ ጸንታ ነው። ለሌላ እምነት ሰው ድስት የምንለይ ሰዎች፣ አንድ ጥምቀት ለተጠመቀች እኅታችን አንድ ስልክ መታገሥ አቃተን። «ክርስቶስ ስለ እርሱ የሞተለትን እርሱን በመብልህ አታጥፋው» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ያ የተሰነጠቀ መስታወት ይታየኛል።

ባለፈው ሳምንት የተቆጧትን እናት ቤታቸው ሄጄ ስለ ብርድ ልብሱ ነገርኋቸው። እኚህ እናት ማንበብ አይችሉም፤ ውዳሴ ማርያምን የሰባቱንም ቀን በቃላቸው ነው የሚያደርሱት። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «የማክሰኞውን ነበር የከፈተችው?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኋቸው።

ነጠላቸውን አጣፉና «ቤቷ ወዴት ነው?» አሉኝ። የሚቀጥለው ጽዋ ተረኛ እኔ ነኝ፤ ቅዳሜ አብረን ሄደን እንጠራታለን። ጸልዩልን።