የድሃው ጠበቃ፦ በአሜሪካ የተከላካይ ጠበቆች ሥርዓት

በአሜሪካ በወንጀል ተከሶ ጠበቃ የሚቀጥርበት ገንዘብ የሌለው ሰው መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። ጠበቃው «ፐብሊክ ዲፌንደር» ይባላል። በእኛ አገር ተከላካይ ጠበቃ የምንለው ነው። በአሜሪካ የወንጀል ችሎቶች የሚቀርበው አብዛኛው ተከሳሽ የራሱን ጠበቃ የመቅጠር አቅም የለውም። ስለዚህ «የአሜሪካ ፍርድ ቤት ድሃውን ይበድላል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህንን ሥርዓት ነው። መብቱ በወረቀት ላይ ሙሉ ነው። ጎደሎው በጀቱ ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡን በይፋ ያነሳችው ክላራ ፎልትዝ የምትባል የካሊፎርኒያ ጠበቃ ናት። ባሏ ጥሏት የሄደ የአምስት ልጆች እናት ነበረች። ሴት ጠበቃ መሆን እንድትችል መጀመሪያ ሕጉን ማስለወጥ ነበረባት፤ አስለወጠችና በ1878 ፈቃዷን አገኘች። በ1893 በቺካጎው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ በተካሄደ የሕግ ጉባኤ ቀርባ፣ መንግሥት ለከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ደመወዝ እንደሚከፍል ሁሉ ለተከሳሹም ጠበቃ መክፈል አለበት ስትል ተከራከረች። የመጀመሪያው ጽሕፈት ቤት በሎስ አንጀለስ የተከፈተው ከዚያ በኋላ 21 ዓመት ቆይቶ፣ በ1914 ነው። ዛሬ የከተማዋ ዋና የወንጀል ፍርድ ቤት ሕንፃ በፎልትዝ ስም ይጠራል። ይገባታል።

ሕገ መንግሥቱ ከ1791 ጀምሮ ተከሳሽ በጠበቃ የመታገዝ መብት አለው ይላል። ግን ለረጅም ጊዜ ትርጉሙ «ገንዘብ ካለህ ጠበቃ ይዘህ መቅረብ ትችላለህ» ከሚል አላለፈም። በ1931 በአላባማ ዘጠኝ ጥቁር ወጣቶች ባቡር ላይ ሁለት ነጭ ሴቶችን ደፍራችኋል ተብለው በጥድፊያ ተዳኙ፤ በወጉ የተዘጋጀ ጠበቃ ሳይኖራቸው ስምንቱ ሞት ተፈረደባቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1932 ፍርዱን ሻረው። ውሳኔው ግን የሞት ቅጣት ከሚያስከትሉ ክሶች ብዙም አላለፈም። በ1942 ይኸው ፍርድ ቤት በሜሪላንድ የአንድ ሥራ አጥ የእርሻ ሠራተኛ ጉዳይ ቀርቦለት፣ ክፍለ ግዛቶች ለእያንዳንዱ ድሃ ተከሳሽ ጠበቃ የማቆም ግዴታ የለባቸውም አለ።

ይህን የገለበጠው ክላረንስ ኧርል ጊዲዮን ነው። የዚህ ሰው መዝገብ ከፍርድ ቤት ንግግሩ እስከ እስር ቤት ጽሑፉ ድረስ ስለተጠበቀ ነገሩን በዝርዝር ማየት ይቻላል።

ጊዲዮን የ50 ዓመት ሰው ነበር። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አላሻገረም፤ ከዚህ በፊትም በስርቆት ታስሮ ያውቃል። በሰኔ 1961 በፍሎሪዳ ፓናማ ሲቲ አንድ ፑል ቤት ሌሊት ተሰብሮ ከሲጋራና ከሙዚቃ ማሽን ሳንቲም፣ በተጨማሪም ጥቂት መጠጥ ተወሰደ። አየሁት የሚል አንድ ምስክር ተገኘና ጊዲዮን ተያዘ። ችሎት ቆሞ ጠበቃ ይቁምልኝ ሲል ዳኛው አዝናለሁ፣ የፍሎሪዳ ሕግ ጠበቃ የሚፈቅደው የሞት ቅጣት በሚያስከትል ክስ ብቻ ነው አሉት። ጊዲዮን መብቴ ነው ብሎ ተከራከረ፤ አልሰሙትም። ራሱን ችሎ ምስክር ጠየቀ፣ ለጁሪው (ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው ለሚወስኑት ተራ ዜጎች) ተናገረ፣ ተረታ። አምስት ዓመት ተፈረደበት።

ከራይፎርድ እስር ቤት ሆኖ በእርሳስ አቤቱታ ጻፈ። ወረቀቱ የእስር ቤቱ ነው። ፊደሉ እየተሳሳተበት፣ ሰዋስው እየተጣመመበት፣ ለአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ላከው። ፍርድ ቤቱ ተቀበለው፤ እንዲከራከርለትም በዋሽንግተን አንቱ የተባለውን ጠበቃ ኤብ ፎርታስን መደበለት። ኋላ ፎርታስ ራሱ የዚያው ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኗል። የሚገርመው ደግሞ 22 ክፍለ ግዛቶች ከፍሎሪዳ ሳይሆን ከእስረኛው ጎን መቆማቸው ነው። መጋቢት 18 ቀን 1963 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ወሰኑ። ውሳኔውን የጻፉት ሁጎ ብላክ በ1942ቱ ጉዳይ በሐሳብ ተለይተው የነበሩት ዳኛ ናቸው። በወንጀል ችሎት ጠበቃ የቅንጦት ሳይሆን የግድ ነገር ነው አሉ።

የጠበቃ ጥቅም ጎልቶ የታየው በድጋሚው ችሎት ነው። ጊዲዮንን ያሳፈረው የታክሲ ሹፌር «እዚህ መምጣቴን ለማንም አትንገር» ብሎኛል ሲል መሰከረ። እንዲህ ያለው ቃል ሰው ያስፈርዳል። ጠበቃው ፍሬድ ተርነር ግን ከዚህ በፊትስ እንዲህ ብሎህ ያውቃል ወይ ሲል ጠየቀ። አዎ፣ ከሚስቱ ጋር ጠብ ስላለው ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚለኝ አለ። የዋናው ምስክር ቃልም በመስቀለኛ ጥያቄ ተናጋ። ጁሪው አንድ ሰዓት ያህል መክሮ ጊዲዮንን በነፃ አሰናበተ። ዳኛው ያው የመጀመሪያው ዳኛ፣ ከተማውም ያው ከተማ ነበር። የተጨመረው ነገር ቢኖር ጠበቃ ነው።

መብቱ በ1967 ለሕፃናት፣ በ1972 ደግሞ እስር ለሚያስከትል ቀላል ወንጀል ሁሉ ተዘረጋ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ይቁም አለ እንጂ ገንዘቡ ከየት ይምጣ አላለም። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ ክፍለ ግዛት ቋሚ ጽሕፈት ቤት አለው። ሌላው ወጪውን በሥሩ ላሉት የአካባቢ አስተዳደሮች (ካውንቲዎች) ይተዋል። አንዳንዱ ከግል ጠበቃ ጋር በቁርጥ ዋጋ ይዋዋላል፤ እንዲህ ያለ ጠበቃ ለሳምንት ቢከራከርም በአምስት ደቂቃ ቢጨርስም ክፍያው ያው ነው። በሉዊዚያና ለረጅም ዓመታት የተከላካዮቹ ገቢ በአብዛኛው ከትራፊክ ቅጣትና ጥፋተኛ በተባለ ሰው ላይ ከሚጨመር 45 ዶላር ነው የተሰበሰበው። ደንበኛው ነፃ ከወጣ ቢሮው ያቺን 45 ዶላር አያገኝም ማለት ነው። ይህን ፍትሕ ብሎ መጥራት ይከብዳል። በ2016 የሚዙሪ ተከላካዮች ኃላፊ በጀት ቢከለከል አንድ ድሃ ተከሳሽ እንዲወክል የክፍለ ግዛቱን ገዥ ጄይ ኒክሰንን ራሱን መደበው፤ ገዥው የሕግ ባለሙያ ነበርና። ዳኛ ሥልጣን የለህም ብሎ አስቀረው፤ መልእክቱ ግን ደረሰ።

በ1973 የወጣው መመዘኛ አንድ ጠበቃ በዓመት ከ150 በላይ ከባድ የወንጀል መዝገብ አይያዝ ይላል። ሌላ ሥራ ባይነካ እንኳ ለአንድ መዝገብ 14 ሰዓት ገደማ ብቻ ይደርሳል። ብዙ ቦታ ይህም አይከበርም። በ2023 የወጣ ትልቅ ጥናት ደግሞ ቁጥሩ ራሱ በጣም የበዛ ነው ብሏል።

ጫናው የሚወርደው ተከሳሹ ላይ ነው። የዋስ ገንዘብ ያጣ ሰው እስር ቤት ይቆያል። ሥራው ይሄዳል፣ የቤት ኪራዩ ይቆለላል። ጠበቃውን የሚያገኘው ችሎት ሊገባ ሲል፣ ኮሪደር ላይ፣ ለደቂቃዎች ነው። ዐቃቤ ሕግ «ዛሬ ጥፋተኛ ነኝ ካልክ ዛሬ ትወጣለህ» ይላል። ምን ያድርግ? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ በ2012 እንደጠቀሰው፣ በክፍለ ግዛቶች ከሚሰጠው የጥፋተኝነት ውሳኔ 94 ከመቶው ያለ ክርክር፣ በእምነት ቃል የተቋጨ ነው። ስንቱ በእውነት ጥፋተኛ እንደሆነ፣ ስንቱ ደግሞ ቤቱ ለመግባት ሲል እንዳመነ ሰዎች ይከራከሩበታል።

የመንግሥት ጠበቃ ከግል ጠበቃ ያንሳል የሚለው ሐሜት ግን ልክ አይደለም። ፊላደልፊያ ውስጥ በግድያ ከሚከሰሱ አምስት ድሆች አንዱ በዕጣ መልክ ለከተማዋ የተከላካዮች ማኅበር ይሰጥ ነበር፤ የቀሩት ፍርድ ቤቱ ለሚመድባቸው የግል ጠበቆች። በ2012 ውጤቱ ሲጠና የማኅበሩ ደንበኞች በግድያ ጥፋተኛ የመባል ዕድላቸው በ19 ከመቶ፣ የዕድሜ ልክ እስራት ዕድላቸው ደግሞ በ62 ከመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በቂ ገንዘብ፣ መርማሪና ባልደረባ ያለው ተከላካይ ምን ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል። በ2022 ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስትገባ፣ ከፌዴራል ተከላካይነት ተነስታ እዚያ የደረሰች የመጀመሪያዋ ዳኛ ሆናለች።

ለስደተኛ፣ ለእኛም ሰው ጭምር፣ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ደንበኛው ጥፋቱን ቢያምን ከአገር ሊባረር እንደሚችል የማስጠንቀቅ ግዴታ አለበት ብሏል። ጉዳዩ ጠበቃው አታስብ ያለው፣ ከ40 ዓመት በላይ በአሜሪካ የኖረ የሆንዱራስ ተወላጅ ነበር። ስለዚህ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከመፈረሙ በፊት ይህን ጠበቃውን መጠየቅ አለበት። በወንጀል ችሎት አስተርጓሚ እንዲቀርብለትም ይጠይቅ። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ግን ሌላ ነው። እዚያ ጉዳዩ እንደ ወንጀል ስለማይቆጠር የጊዲዮን መብት አይሠራም፤ ገንዘብ የሌለው ብዙ ሰው ያለ ጠበቃ ይቆማል። ኒው ዮርክ ከተማ በ2013 በጀመረችው ፕሮግራም ለታሰሩ ስደተኞች በራሷ በጀት ጠበቃ ማቆም ጀምራለች፤ ከጠበቆቹም መካከል በብሮንክስ የወንጀል ተከሳሾችን የሚወክሉት ተከላካዮች ይገኙበታል።