የጓዳ ጉዳይ በድሬ

ድሬዳዋ ውስጥ የጓዳ ችግር፣ ማለትም የወሲብ ነገር፣ ይዞ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ሰው በጓዳው አይጀምርም። «ወገቤን»፣ «ራሴን»፣ «እንቅልፍ አጣሁ» ይላል። «ግንኙነት ያመኛል» የምትለዋ ቃል ከመጣች የምትመጣው ሊወጣ ሲነሳ ነው። ትራውማን፣ ማለትም ክፉ ነገር በሰው ላይ ጥሎት የሚሄደውን ቁስል፣ ያገናዘበ የሚባለው የምክርና የትምህርት አሠራር ይህን ዙሪያ ጥምጥም እንደ ውሸት አያየውም። ሰው የሚናገረው ሲደፍር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክፉ ነገር የደረሰበት ሰው፣ አደጋው ካለፈም በኋላ ሰውነቱ አያምንም። ሲነኩት ይደነግጣል፣ ይደርቃል፣ ጡንቻው ይኮማተራል። ስለዚህ ባለሙያዋ ምን ልታደርግ እንደሆነ ቀድማ ትናገራለች፣ ታስፈቅዳለች፣ «በቃ» ስትባል ታቆማለች። ታሪክን ከሀ እስከ ፐ መተረክ ግዴታ አይደለም።

በምሥራቁ ክፍል ጉዳዩን የሚያከብደው የሴት ልጅ ግርዛት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ድሬዳዋ ላይ 75፣ ሐረሪ ክልል 82፣ ሶማሌ ክልል ደግሞ 99 በመቶዎቹ ተገርዘዋል። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ብዙውን ጊዜ የማይሰፋው «ሱና» የሚባለው አለ፤ ተሰፍቶ የሚዘጋው «የፈርኦን» የሚባለውም አለ። የተሰፋ ሴት ሽንቷና የወር አበባዋ ይቸግራታል፤ የሠርጓ ሌሊት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በቀዶ ሕክምና መክፈት ይቻላል፤ ፍርሃቱ ግን ከስፌቱ ጋር አይወጣም። እዚህ ላይ ባልየውንም ማናገር ያስፈልጋል። ሚስቱን እንዳያሳምም የሚሰጋ ወንድ ሞልቷል፣ የሚጠይቀው እንጂ የጠፋው።

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ግርዛትን ይከለክላል፤ መስፋት ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። ያው ሕግ አስገድዶ መድፈርን ሲተረጉም «ከጋብቻ ውጪ» ይላል። ሚስቱን ያስገደደ ባል በዚህ አይያዝም ማለት ነው፤ ለእኔ ትልቅ ቀዳዳ ነው።

ጥቃት ለደረሰበት ሰው ሰዓት ወሳኝ ነው። የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ይሰጣል፤ ሁለቱም በቶሎ ሲወሰዱ ይሻላል። ወንድ ልጅም ይጠቃል። «ወንድ አይደፈርም» የምትለዋ ወሬ ስንቱን ዝም አሰኝታለች!

ቋንቋም አለ። ድሬ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ታወራለች። አማች ወይም ጎረቤት አስተርጓሚ ከሆነ ምስጢር አለቀ። መስማት የተሳነው ወጣትም በእናቱ በኩል ስለ ኮንዶም አይጠይቅም። አማርኛውም ቢሆን ያስቸግራል፤ ቃሉ ወይ ስድብ ነው ወይ የላቦራቶሪ ወረቀት። ለዚህ ነው በትምህርት ቤት ስም ሳይጽፉ ጥያቄን ካርቶን ውስጥ መክተት የሚሠራው።

ምክሩ የሚሰጥበት ክፍልም ቀላል ነገር አይደለም። በድሬ ሙቀት በር ዘግቶ መቀመጥ ቅጣት ነው፣ ከፍቶ ማውራት ደግሞ አይሆንም አቦ! ቬንትሌተር ይከፈታል፤ ጩኸቱ የሰውን ድምፅ ከኮሪደር ይሸፍናል። በር አጠገብ ያለው ወንበር ለመጣችው ሴት ነው፤ መውጣት ከፈለገች ማንንም ማለፍ የለባትም።